ወደ በሩ የምትጠርገው ሴት

ያ መጽሐፍ ዛሬም ቤቴ አለ። ሽፋኑ ላይ አጉሊ መነጽር የያዘ ጎረምሳ ተስሏል፤ ሌላውን እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ስላነሳው ሌባ ሊይዝ ይሁን ሰልፍ ሊወጣ አይታወቅም። ወረቀቱ ያን ጊዜ ደብተር ይሠራበት የነበረው ዓይነት ነው፤ ግራጫ፣ ሻካራ፣ እርሳስ ጠበቅ ሲደረግበት የሚቀደድ። ከርዕሱ ሥር በትንንሽ ፊደላት፣ የታወቁ የውጭ አገር የወንጀል ምርመራ ታሪኮች «ለወጣቶች እንዲስማሙ ተሻሽለው» መቅረባቸው ተጽፏል። «ተሻሽለው» የምትለዋን ቃል ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ መጽሐፉን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።

መጥፎ መጽሐፍ ሁሉ አያናድደኝም። ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሰው አቅሙ የፈቀደለትን ይጽፋል፣ አንባቢም ትዕግሥቱ የፈቀደለትን ያህል ያነባል፣ ከዚያ በሰላም ይለያያሉ። ይህን ግን የምጸየፈው የሸተተ ሥጋ በሚጸየፉበት ዓይነት ነው። ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ፊደል የቆጠሩ አንዲት ጎረቤታችን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት መጽሐፍ ይሄ ነው። ገዝቼ የሰጠኋቸውም እኔ ነኝ።

እትዬ እላቸው ነበር፤ ሰፈሩም እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። ቤታቸው ከእኛ ግቢ ጀርባ ሲሆን የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር፤ ከአጥሩም አንዱ ቆርቆሮ ከተነቀለ ቆይቶ መተላለፊያ ሆኖ ቀርቷል። ቦሌ ያን ጊዜ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ሲሉ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነው፤ በገርጂ በኩል እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ እርሻ ይታያል። አውሮፕላን ሲነሳ የቤታችን መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ እናቴም ቁጣዋን አቋርጣ እስኪያልፍ ትጠብቅና ካቆመችበት ትቀጥላለች። ቁጣዋ ደግሞ በአብዛኛው በእኔ ጥረጋ ላይ ነበር። እትዬ ግን አውሮፕላኑን ቀና ብለው ሳያዩ በድምፁ ብቻ የትኛው እንደሆነና ምን ያህል እንደዘገየ ይናገሩ ነበር፤ ሥራቸው አውሮፕላን ማጽዳት ነውና።

መንገደኛው ወርዶ ሲያልቅ እሳቸውና ጓደኞቻቸው መጥረጊያና ጨርቅ ይዘው ይገባሉ። ሰው ወንበሩ ላይ ጥሎት የማይሄደው ነገር የለም ይሉ ነበር፤ ማበጠሪያ፣ የተነከሰ ፖም፣ የሕፃን ጫማ አንድ እግሩን ብቻ፣ አንዴም ሰው ሠራሽ ጥርስ። ዋጋ ያለው ነገር ለአለቃ ይሰጣል። ከወንበሩ ኪስ የሚገኙት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ልቦለዶች ግን ከቆሻሻው ጋር ይጣሉ ነበር። እትዬ ጽሕፈት ያለበትን ወረቀት መርገጥ ነውር ነው ተብለው ያደጉ ሴት ስለሆኑ ይህ አላስቻላቸውም። አለቃቸውን አስፈቅደው በዘንቢል እያመጡ አልጋቸው ሥር በካርቶን ያጠራቅሟቸው ጀመር። እንግሊዝኛው ቀርቶ አማርኛም ማንበብ አይችሉም ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቅዳሜ ጠሩኝና ከካርቶኑ አንዷን አውጥተው ሰጡኝ። ሽፋኗ ላይ ጩቤና ደም አለ። ይቺ ደም ያለባት ምን እንደምትል ንገሪኝ አሉኝ። እሳቸው ከሥራ ሲመለሱ ያበጠውን እግራቸውን በሳፋ የሞቀ የጨው ውሃ ይነክራሉ፤ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልስላቸዋለሁ። እንግሊዝኛዬ ያው የስምንተኛ ክፍል ነው። የማላውቀውን ቃል እዘለዋለሁ፣ የዘለልኩት ሲበዛ ደግሞ ክፍተቱን ከራሴ እሞላዋለሁ።

አንዱ መጽሐፍ ቶሎ፣ አንዱ ቀስ ብሎ ስለሚያልቅ በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ አይጀመርም ነበር፤ ሥርዓታችን ግን አንድ ነው። መርማሪው ሁሉንም ሰው ሰብስቦ ገዳዩን ሊናገር ሲል መጽሐፉን ማጠፍ አለብኝ። እትዬ ውሃው ሳይበርድ ገዳዩን ይናገራሉ። ከዚያ መጨረሻውን አነባለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ናቸው። አንዱ ታሪክ ላይ ባሏ የተገደለባት ሴት ስታለቅስ ውላ መሐረቧን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። እትዬ እዚያ ላይ እግራቸውን ከውሃው አወጡና ገዳይዋ እሷ ናት አሉ። ከምር ያለቀሰ ሰው መሐረቡን አያጣጥፍም፣ ጨምድዶ ነው የሚተወው፤ በየወንበሩ ሥር የምለቅመው እኔ ነኝ አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ።

ከሁሉ ግን የወደዱት የምንጣፉን ታሪክ ነው። አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ መኝታ ቤቱ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። ፖሊስ አሽከሩን ያስራል። የሽማግሌው ወራሽ የወንድሙ ልጅ ነው፤ እሱ ወደዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም ይላል። መርማሪው ቤተኛውን ሁሉ ሲጠይቅ ይሰነብታል፣ ምንም አያገኝም። በመጨረሻ ማንም ምንም ያልጠየቃት የቤቱ ጽዳት ሴት አንዲት ነገር ትናገራለች። ክፍሉ ወፍራም ምንጣፍ አለው፤ ሲጠረግ ፀጉሩ መጥረጊያው ወደሄደበት ይተኛል። ሽማግሌው በተገደለበት ጠዋት የምንጣፉ ፀጉር የተኛው ወደ መስኮቱ ነበር። «እኔ የምጠርገው ወደ በሩ ነው» ትላለች። ይኸው ነው የምትለው። መርማሪው የቀረውን ይደርስበታል፤ ገዳዩ የእግሩን ዱካ ለማጥፋት ምንጣፉን ጠርጓል፣ ሲጠርግም ወደ መስኮቱ ጠርጓል። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠርግ የኖረ አሽከር ቆሻሻ የሚወጣው በበር መሆኑን ያውቃል። የማያውቀው መጥረጊያ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው፤ እዚያ ቤት ደግሞ እንደዚያ ያለው የወንድሙ ልጅ ብቻ ነው።

ይህን መጀመሪያ የነገርኳቸው ዕለት እትዬ እግራቸውን በድንገት ሲያወጡት የሳፋው ውሃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋ ያለችውን ድገሚልኝ አሉኝ፤ ደገምኩላቸው። እንደገና አሉኝ። በማግሥቱ ለሥራ ጓደኞቻቸው ነገሯቸው፤ አውሮፕላን ውስጥም ምንጣፍ ስላለ ሁሉም ነገሩ ገባቸው። ከዚያ በኋላ በሁለት በሦስት ወር አንዴ፣ ሌላ አዲስ ታሪክ እያለ፣ ያቺን የምንጣፏን ንገሪኝ ይሉኝ ነበር።

ጥፋቴ የጀመረው እዚያ ጋ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ሴትዮዋ ከግማሽ ገጽ አትበልጥም፤ ገብታ፣ ተናግራ፣ ትወጣለች። እኔ ግን የእትዬን ፊት እያየሁ መጨመር ጀመርኩ። አንዴ እጇ በሥራ መሰነጣጠቁን ጨመርኩ። ሌላ ጊዜ ፖሊሱን «እኔን ማን ጠየቀኝ» ብላ እንድትገሥጸው አደረግሁ። ሲቆይ ደግሞ መርማሪው ከወንበሩ ተነስቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጅ እንዲነሳት አደረግሁ። ባርኔጣዋን ከሁሉ አብልጠው ወደዷት። ምን ክፋት አለው ብዬ ነበር፤ ወጥ ላይ ጨው እንደመጨመር ነው የቆጠርኩት።

መሠረተ ትምህርት ሲመጣ እትዬ ከሥራ በቀጥታ ወደ ቀበሌ አዳራሽ ይሄዱ ጀመር። ሊማሩ ሲገቡ እግራቸው ያው ያበጠ ነው። የሚያስተምራቸው የእኔ እኩያ ልጅ ነበር፤ እሳቸው ግን «መምህር» ብለው እየጠሩት ከመቀመጫቸው ይነሱለት ነበር። ፊደሉን ለየ ለየ አድርገው፣ አንዱን ከሌላው እያጣበቁ፣ በሁለት ዙር ማንበብ ቻሉ። የምስክር ወረቀታቸውን ከማርያም ሥዕል ዝቅ አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ነገር መጥፋቱ ነው። ከቀበሌ የሚታደለው ስለ ማዳበሪያና ስለ ጥጃ ክትባት የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ነበር። ለአንድ ወር ታግሠው አነበቡትና ማዳበሪያ ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ እኔ የማጸዳው አውሮፕላን ነው ብለው መለሱት።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያቺን የምንጣፏን ሴት በሰው አፍ ሳይሆን በራሳቸው ዓይን ማግኘት ይፈልጋሉ። እኔ ተርጉሜ በደብተር እጽፍልዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው፤ ሦስት ገጽ ጻፍኩና ሰነፍኩ። ሲጠይቁኝ ፈተና ደረሰ እላቸው ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደገባሁ የአማርኛ መምህራችን የምሥራች ይዞ መጣ። የታወቁ የውጭ የወንጀል ታሪኮች ተመርጠው ለወጣቶች በአማርኛ ሊወጡ ነው አለን፤ የታሪኮቹን ርዕስ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈልን። አራተኛው የምንጣፉ ታሪክ ነበር። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ሮጥኩ፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስሾልክ ዩኒፎርሜን ቀደድኩት። እትዬ ሲሰሙ ተነስተው የምስክር ወረቀታቸውን መስታወት በጨርቅ ወለወሉት። በሳምንቱ አየር ማረፊያ ያሉ የጽዳት ሴቶች በሙሉ ሰምተዋል።

መጽሐፉ ብዙ ወር አስጠበቀን። አንዴ ወረቀት ጠፋ ይባላል፣ አንዴ ማተሚያ ቤቱ ሌላ አስቸኳይ ሥራ መጣበት ይባላል። በመጨረሻ ፒያሳ መጣ ሲሉኝ ሄጄ ተሰልፌ ገዛሁ። ወደ ቦሌ በሚመለሰው አውቶቡስ ላይ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ብረቱን ይዤ፣ አራተኛውን ታሪክ ገለጥኩ።

ገና መግቢያው ላይ፣ ታሪኩ ሳይጀመር፣ አዘጋጁ ገዳዩ ማን እንደሆነ ነገረኝ። የወንድም ልጅ ለውርስ ሲል አጎቱን መግደሉ የበዝባዡን መደብ ብስባሽነት ያሳያል ይላል። እሺ፣ ምን ይደረግ፣ ጊዜው ነው ብዬ አለፍኩት። መርማሪው ዝምተኛ ሰው ነበር፤ እዚህ አፉ የማያርፍ ካድሬ ሆኗል። አንድ ነገር አይቶ አንድ ገጽ ያወራል፤ ያየው ነገር ያነሰ እንደሆነ ሁለት ገጽ። አሽከሩ ታስሮ እያለ ስለ ንቃተ ህሊና ይናገራል። በየምዕራፉ መጨረሻ «ከዚህ ምን እንማራለን» የሚል አለ፣ ቀጥሎም አምስት የመወያያ ጥያቄ። ሰው ሞቶ ሬሳው ሳይነሳ ጥያቄ ይጠየቃል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ ይህ ሰው ግን መጣፈጥን እንደ ወንጀል የቆጠረ ይመስላል።

ሴትዮዋን ፈለግኋት። ገጹን ወደፊት አገላበጥኩ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ። የለችም። በእሷ ቦታ በዕረፍት ጊዜው በዚያ ሲያልፍ የነበረ አንድ ንቁ ተማሪ ገብቷል። ለወጣቶች ነዋ። ተማሪው ምንጣፉ ላይ የኮት ቁልፍ ያገኛል፤ ቁልፉ የወንድሙ ልጅ ነው፤ ነገሩ አለቀ። ያን የመሰለ የተጠረገ ምንጣፍ እያለ የወደቀ ቁልፍ። ከዚያ ተማሪው ለመርማሪው አንድ ገጽ ተኩል ንግግር ያደርጋል፣ መርማሪውም ይስማማል። ከሴትዮዋ የቀረ ነገር ቢኖር አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ክፍሉ ተጠርጎ ነበር» ትላለች። ማን እንደጠረገው አይናገርም።

ደሜ ፈላ። በየገጹ ስለ ጭቁን የሚለፈልፍ መጽሐፍ፣ ታሪኩ ውስጥ የነበረችውን አንዲት ጭቁን እንደ ጉድፍ ጠርጎ አወጣት። ማንም አላስገደደውም፤ እሷን እዚያው ቢተዋት ሳንሱሩም ደስ ይለው ነበር። ያወጣት ስላላያት ነው፤ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም። መውረጃዬ ሳይደርስ ከአውቶቡሱ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

በመንገድ ላይ የማስበው አልቋል ብዬ እንደምዋሻቸው ነበር። መጽሐፉን ከሹራቤ ሥር ወሽቄ፣ ማታ እሳት ውስጥ ልከተው። ግን እትዬ በራቸው ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። ነጭ ነጠላቸውን አድርገዋል፤ እጃቸው እርጥብ ነው፣ መጽሐፉን ለመቀበል በሳሙና ታጥበውት። ሳሙና ያን ጊዜ ከቀበሌ ሱቅ በስንት ሰልፍ ነው የሚገኘው። መጽሐፉን አውጥቼ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት።

ወደ አራተኛው ታሪክ በቀጥታ እንዲሄዱ ብነግራቸው እንቢ አሉ፤ መጽሐፍ እንደ ዳዊት ከመጀመሪያው ነው የሚነበበው አሉኝ። በየቀኑ ከሥራ መልስ ጣራቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነቡ ነበር። የመወያያ ጥያቄዎቹን ጭምር አነበቡ፤ ጥያቄ ስለሆኑ መመለስ አለባቸው ብለው ብቻቸውን ጮክ ብለው ይመልሱ ነበር። ይህን በቆርቆሮው ቀዳዳ ሰምቼ ፊቴን አዞርኩ። ሦስት ታሪክ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። የምንጣፉ ላይ ሲደርሱ ጠሩኝ።

«ገና አልመጣችም» አሉኝ፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እንዳደረጉ።

«ትመጣለች» አልኳቸው።

ያቺን ቃል ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፈሪ ስለሆንኩ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እውነቱን ለመናገር ሦስት ሳምንት ሙሉ ነበረኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ስገባ ሳፋው አልቀረበም። እትዬ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ መጽሐፉ ተዘግቶ ጭናቸው ላይ ነው። ጨረስኩት አሉ። እንኳን ደስ አለዎት ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ሴትዮዋ የለችም።»

አዘጋጁ እንዳወጣት ነገርኳቸው። እንግሊዝኛው ላይ እንዳለች፣ እሱ ግን ቆርጦ ጥሏት ተማሪ እንዳስገባ አስረዳኋቸው። ቄስ የሰደብኩ ያህል አዩኝ። ለእሳቸው የታተመ ነገር የታተመ ነው፤ የተማረ ሰው ጽፎታል፣ ስንት ቢሮ አይቶታል፣ ማኅተም አርፎበታል። እንዲህ ያለ ሰው አንዲት ጽዳት ሴት ምን አደረገችው ብሎ ያወጣታል? ለእሱ ምክንያት አጡለት። እኔም ብሆን አጥቼለታለሁ። ለእኔ ግን ምክንያት አገኙልኝ፤ ገዳይ የሚፈለገው ምክንያት ካለው ሰው ዘንድ መሆኑን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

«የምታጸዳ ሴት ፊት ተቀምጠሽ የምታጸዳ ሴት ተረት ፈጠርሽልኝ» አሉ። «ልታስደስቺኝ ብለሽ። እኔም ሞኝ፣ ለሰው ሁሉ አወራሁት።»

ከአልጋው ሥር ካርቶኑን ስቤ እንግሊዝኛውን ፈልጌ አወጣሁ። ገጹን ገልጬ፣ ሴትዮዋ የገባችበት መስመር ላይ ጣቴን አሳርፌ፣ ይኸው እዚህ ጋ ናት አልኳቸው። አጎንብሰው ፊደሎቹን ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

«የምታነቢው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ቀና ብለው ፊቴን ያዩት ጀመር፤ ከአንድ መርማሪ ይልቅ እሳቸው ሲያዩኝ ነው የምፈራው።

«ምንም አልጨመርሽም?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ምን?»

«ባርኔጣውን» አልኩ። ሌላም ነበር፤ ከአፌ የወጣችው ግን ባርኔጣዋ ናት። እትዬ ሌላ አልጠየቁኝም። እናትሽ ትፈልግሽ ይሆናል፣ ሂጂ አሉኝ። እያለቀስኩ በቀዳዳው ሾለክሁ።

ከዚያ በኋላ አልጠሩኝም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጤንነቴን፣ የእናቴን ጤንነት ይጠይቁኛል፣ ያልፋሉ። መጽሐፍ ከአየር ማረፊያ ማምጣትም ተዉ። ዘንቢላቸው ባዶውን ሲመለስ ባየሁ ቁጥር በመጽሐፉ አዘጋጅ ላይ ያለኝ ጥላቻ እንደ አዲስ ይነሳብኛል፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ራሴ ይዞራል። እሱ ሴትዮዋን ሲያወጣት፣ እኔ የሌለ ልብስ አለብሼ፣ የሌለ ንግግር አናግሬ፣ የመድረክ ተዋናይ አድርጌያታለሁ። ሁለታችንም እንዳለች አልተውናትም። ይህን ማሰብ ከዚያ ሰው ጋር በአንድ ትሪ እንደመቅረብ ነበር፤ አስጠላኝ።

ለአሳታሚው ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ምን ያህል ስድብ እንደነበረበት አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ በዚያ ዘመን እንደዚያ ጽፎ በሰላም መክረም ዕድል ነው። ከሁለት ወር በኋላ በታይፕ የተመታ አጭር መልስ መጣልኝ። ስለ ገንቢ ሂሴ ያመሰግነኛል፤ በታሪኩ ሂደት ጉልህ ሚና የሌላቸው ገጸ ባሕርያት ገጽ ለመቆጠብ ሲባል እንደተቀነሱም ያስረዳል። የተማሪው ንግግር አንድ ገጽ ተኩል ነው። ወረቀቱን ቀድጄ፣ ቀድጄ፣ አራተኛ ጊዜ ስቀድ እጄ ደከመ።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እናቴ ግቢውን ጥረጊ አለችኝ። መልቀቂያ ፈተናዬ አልቋል፣ ውጤት እየጠበቅሁ ነው፣ ምንም ነገር ደስ አይለኝም። እየተነጫነጭሁ ስጠርግ ቀና ስል እትዬ በቆርቆሮው ቀዳዳ ቆመው ያዩኛል። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ አላውቅም። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጠርጊው ብለው ጠየቁኝ። እናቴ ከቤት ውስጥ ሆና እሱን እንኳ ይተዉት፣ ይቺ ልጅ በዚህ ነው ያቃጠለችኝ አለች። እትዬ የጠረግሁትን አንዴ አይተው ተመልሰው ሄዱ።

ከበዓሉ በኋላ ባለው ቅዳሜ ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ። ስገባ ሳፋው ቀርቧል፣ ውሃው ይተናል። መጽሐፉን አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት፣ የምንጣፉ ታሪክ ላይ ተከፍቷል።

ገጹ በእርሳስ ታርሷል። የኮቱ ቁልፍ ተሰርዟል። ተማሪው በተጠራበት ቦታ ሁሉ ተሰርዟል። አንድ ገጽ ተኩሉ ንግግር ላይ ከጥግ እስከ ጥግ መስቀል ተደርጎበታል፤ እጃቸው በርትቶ ወረቀቱ ሁለት ቦታ ተቀድዷል። «ክፍሉ ተጠርጎ ነበር» ከምትለው መስመር በላይ ደግሞ፣ መሠረተ ትምህርት ላይ በሚጻፈው ዓይነት ተለቅ ተለቅ ባለ ፊደል፣ እንዲህ ብለው ጽፈዋል። «ሴትዮዋ አየችው። እኔ የምጠርገው ወደ በሩ ነው አለች።»

ሌላ ምንም የለም። የተሰነጣጠቀ እጅ የለም፣ ፖሊስ ላይ ቁጣ የለም፣ ባርኔጣ የለም። እንግሊዝኛው ላይ ያለችውን ያህል ናት፣ አንዲት ቃል አልተረፈም፣ አንዲት ቃል አልጎደለም።

እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኋቸው። እግራቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ።

«አንቺ ቆሻሻውን የምትገፊው ወደ ግድግዳው ነው» አሉ። «እናትሽ ስንት ዓመት ጮኸችብሽ፣ አልገባሽም። ወደ በሩ መጠረጉን የማታውቅ ልጅ ያንን ቃል ከየት ታመጣዋለች? እሱ ያንቺ አይደለም። መጽሐፉ ውስጥ ነበረ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ያንቺ ነው። የምታጸዳ ሴት ያን ያህል አታወራም።»

ካርቶኑን በእግራቸው ጣት ከአልጋው ሥር ገፋ አድርገው አወጡልኝ፤ ላዩ ላይ አዲስ መጽሐፍ ነበር፣ ሽፋኑ ላይ መርከብና ሽጉጥ ያለበት። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ።

«ውሃው ሳይበርድ ጀምሪ» አሉኝ። «ሳትጨምሪ።»